ከባሕር ዛፉ ስምንት እርምጃ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ሽንት ቤቱ መለሰ። ጠዋት ውሃ ለቀቅኩበት፤ በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ መጣ፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ቆመ። እኔም ቆምኩ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ እያጉረመረመ ወረደ። ሽታው ግን ቀረ።

ባለቤቴ የሺ ከበሩ ውጭ ሆና «ሞልቷል አላልኩህም?» አለች። ብላኛለች። አምናም፣ ካቻምናም ብላኛለች። እኔ ደግሞ «አባቴ የቆፈረው ጉድጓድ ነው፣ ራሱን በራሱ ይፈጫል» እያልኩ ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር አባቴ ራሱ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ አስመጥጦታል። እኔ የዚያን ቀን ትምህርት ቤት ነበርኩ፣ ጂኦግራፊ ሳስተምር። ልጃችን ቤዛ ሰባተኛ ክፍል ነበረች። አሁን ባንክ ቤት ትሠራለች።

የሚያስጨንቀኝ ሽታው ብቻ አይደለም። የሚያስጨንቀኝ እሑድ ነው። እሑድ ቤዛን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። በጥር ሲመጡ እንደ ወጉ «እንማከርና» ብዬ መለስኳቸው። ሁለተኛ ከመለስኳቸው ግን «አባትየው እምቢ አለ» ነው ትርጉሙ። ሰኞ ደግሞ ሁዳዴ ይገባል፤ እስከ ፋሲካ ይህ ነገር አይነሳም። ከዚያ በኋላ ማን ይሞታል፣ ማን ይኮራል፣ አይታወቅም።

አምስት ሽማግሌ ነው የሚመጣው። አምስቱም ስኳር ያለበት ወይም ፊኛው የደከመ። ያለን ሽንት ቤት አንድ!

ማድረግ ያለብኝ፦
– መጣጭ መኪና መፈለግ
– የጉድጓዱን ክዳን ማግኘት
– የሺን «ልክ ነበርሽ» ማለት (ይኼ ይቆይ)

ረቡዕ፣ የካቲት 4

መብራት እንጨት ላይ «ሽንት ቤት እንመጥጣለን» ከሚሉት ማስታወቂያዎች አራት ቁጥር ገልብጬ መጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ እንጨት አጠገብ ሳልፍ ፊቴን ሳዞር ኖሬ ዛሬ መነጽሬን አድርጌ ቆሜ አነበብኩ። ከታች የምትኖር ጎረቤት አይታኝ «ሞላባችሁ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ። ሰፈሩ አወቀ ማለት ነው።

የመንግሥት መጣጭ መኪና ርካሽ ነው፣ ግን ወረፋው ከሁዳዴ ወዲያ ነው። ሁለቱ የግል ቁጥሮች አይነሱም። ሦስተኛው መንገዳችንን ስነግረው «ቁስቋም ዳገት? ኧረ ይለፈኝ» ብሎ ዘጋው። አራተኛው ሙሉጌታ ይባላል፤ ሾፌርም ባለቤትም ራሱ ነው። ዋጋው በቢያጆ ነው አለ፤ አንድ ምልልስ አንድ ቢያጆ። ስንት ቢያጆ እንደሚወጣው ጉድጓዱን ሳያይ አይናገርም። ተከራከርኩት፣ ትንሽ ወረደልኝ።

«ቅዳሜ እመጣለሁ ፋዘር። ግን ክዳኑን ከፍታችሁ ጠብቁኝ። እኔ መጣጭ ነኝ፣ ቆፋሪ አይደለሁም። ካልተከፈተ ዞሬ እሄዳለሁ።»

«ክፍት ነው» አልኩት። ክዳኑ የት እንዳለ እንኳ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ የቤቱ ካርታ ያለበትን ማኅደር አወጣሁ። አባቴ የማይጽፈው ነገር አልነበረም፤ እውነትም በእርሳስ ጽፎት አገኘሁ። «የጉድጓዱ አፍ፤ ፊትን ወደ ቁስቋም ማርያም አዙሮ፣ ከባሕር ዛፉ ስምንት እርምጃ።» ደስ ብሎኝ ወደ ግቢ ወጣሁ። ፊቴን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞርኩ። ባሕር ዛፉስ?

ባሕር ዛፉን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጉቶውንም አስነቅያለሁ። ከዚያ የእናቴ ተዝካር ሲደርስ ድንኳኑ ጭቃ ላይ እንዳይተከል ብዬ ግቢውን በሙሉ ሊሾ አስደረግኩት። እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ግቢ። ሠላሳ ዓመት ልጆችን «ካርታ ቋሚ ነጥብ ይፈልጋል» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ቋሚውን ነጥብ ቆርጬ ለማገዶ ሸጥኩት።

የሺ ሳቀች። እስክታነባ ሳቀች። እኔም በመጨረሻ ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛፉ የት ነበር በሚለው ላይ ግማሽ ቀን ተከራከርን። የሺ «ወጥ ቤቱ አጠገብ ነበር፤ ቅጠሉ ድስቴ ውስጥ ይገባ ነበር» ትላለች። እኔ «በሩ አጠገብ ነበር፤ ጥላው ሥር ፈተና አርም ነበር» እላለሁ። አርባ ዓመት አብረን ኖረን አንድ ዛፍ ላይ አልተስማማንም።

ሌላው ጣጣ የአባቴ እርምጃ ነው። አባቴ አጭር ሰው ነበር፤ ሲናደድ ግን እርምጃው ይረዝማል። የዚያን ቀን ተናዶ ነበር ወይስ አልተናደደም? ወረቀቱ ላይ አልጻፈውም።

እኔ በመረጥኩት ቦታ ዲጂኖውን አነሳሁ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ለመክፈት ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ቀይ አፈር። ሁለተኛው ላይ የባሕር ዛፍ ሥር ወጣ፤ «ይኸው!» ብዬ ጮህኩ። የሺ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «የባሕር ዛፍ ሥር የማይደርስበት የት አለ?» አለችና ተመልሳ ገባች። እውነቷን ነው።

ሁለት ቀዳዳ፣ አንድ የተላጠ መዳፍ፣ አልታጠፍም ያለ ወገብ። ውሻችን ቡቺ ብቻ ነው የተመቸው፤ እንደ ልማዱ ጥጉ ላይ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል። ያረጀ ውሻ ምን ሐሳብ አለው?

ወደ ማታ ስልኬን ይዤ ደጅ ተቀመጥኩ። የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ታደሰ ይባላሉ፤ ቤዛን የሚፈልገው ልጅ አጎት ናቸው። ልደውልላቸው አሰብኩ። «የቤት ችግር ገጥሞናል፣ ከፋሲካ በኋላ ብታደርጉልን» ልል። ሽታ ባለበት ቤት እንግዳ ከማዋረድ ይሻላል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ልጻፍ። እደውላለሁ ብዬ ሳስብ ደስ አለኝ። ከሀፍረቱ ስለምድን ብቻ አይደለም። ቤዛ ሌላ ሃምሳ አምስት ቀን ያለ ቀጠሮ እዚህ ቤት ትኖራለች ማለት ስለሆነ ነው። ጠዋት ጫማዋ ሊሾው ላይ ቋ ቋ ሲል እሰማለሁ ማለት ነው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ጨዋ ነው፣ ትወደዋለች። እኔ ግን አንድ ልጅ ነው ያለኝ።

አልደወልኩም። «ነገ ጠዋት» አልኩ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ቤዛ ገና ጎህ ሲቀድ በሬን አንኳኳች። «አባዬ፣ ተነስ፣ ና እይ።»

ጋቢዬን ደርቤ ወጣሁ። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ግቢው ሁሉ ጤዛ ለብሷል፤ ቡቺ የሚተኛባት ጥግ ብቻ ደርቃለች። አራት ማዕዘን ሆና ነው የደረቀችው። ቤዛ ጎንበስ ብላ መዳፏን አሳረፈች። «ንካው» አለች። ነካሁት። ሊሾው ሞቅ ብሏል።

ቡቺ ስንት ክረምት እዚያ ተኝቷል! ቤት ሠርተንለት አልገባም ሲል «ደደብ ውሻ» እለው ነበር። ከሥሩ ጉድጓዱ እየፈላ ሲያሞቀው ኖሯል ለካ።

የሺ ካለችው ዛፍ ስምንት እርምጃ ቢቆጠር ኖሮ ቦታውን በሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የምንስተው። ከእኔ ግምት የትና የት!

ቤዛ ቆማ አየችኝ። «አባዬ፣ አንተ ልታገኘው የፈለግክ አይመስለኝም።»

«ሁለት ቀዳዳ ነው እኮ የቆፈርኩት!»

«ትናንት ስልኩን ይዘህ ቁጭ ብለህ አይቼሃለሁ። ማን ጋ ልትደውል እንደነበር አውቄያለሁ።»

ጋቢዬን ሰብሰብ አደረግኩ። ከዚያ «ብርድ ነው፣ ግቢ» አልኳት። አልገባችም። አጠገቤ መጥታ ክንዴን ያዘች። «ስትደውል እሰማለሁ ብዬ ስጠብቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለዚህ ነው በጠዋት የወጣሁት» አለች። አፈርኩ። በጣም አፈርኩ።

ቡቺን በግድ አስነስተን ጀመርን። ሊሾው እዚያ ላይ ስስ ነበር፤ ዲጂኖው ሦስት ጊዜ እንዳረፈበት ተሰነጠቀ። ከሥሩ የአባቴ ክዳን፣ ሁለት የብረት ጆሮ ያለው። በሽቦ አስረን፣ ጎረቤት ጠርተን፣ አንስተን ገለል አደረግነው። አፉ ድረስ ሞልቷል። ሙሉጌታ በስልክ «አንገታችሁን እንዳታስገቡ፣ ክብሪት እንዳትጭሩ፣ ጋዙ ይገድላል። በጣውላ ከልላችሁ ከዚያ ራቁ» አለን። ራቅን።

የሺን «ልክ ነበርሽ» አልኳት። «በየትኛው?» አለች። በሁሉም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

መኪናው መጣ! ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እየተንገዳገደ፣ ኮብልስቶኑ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ። በራችን ድረስ አልደረሰም፤ ሙሉጌታ ሦስት ቱቦ ቀጥሎ በበሩ አስገባ። ሞተሩ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት አንድ በአንድ ሲዘጋ ሰማሁ። ይቅር ይበሉኝ።

ቀጭኑ ፈሳሽ ቶሎ ሄደ። ወፍራሙ ግን እምቢ አለ። ሙሉጌታ በረጅም እንጨት ነካ ነካ አደረገና «ይሄ አፈር ሆኗል ፋዘር። ስንት ዓመቱ ነው?» አለ።

«ትንሽ ቆይቷል» አልኩ።

የሺ ከወጥ ቤት «አሥራ አራት!» ብላ ጮኸች።

ዝቃጩ እንዲላቀቅ ውሃ ያስፈልጋል አለ፤ ብዙ ውሃ። ቧንቧ ከሐሙስ ጀምሮ የለም። ያለን ለነገ ብለን ሮቶ ውስጥ ያቆየነው ብቻ ነው፤ ለምግቡ፣ ለእጅ መታጠቢያው፣ ለሽንት ቤቱ። የሺን አየኋት። ዶሮውን እንደያዘች ትንሽ አሰበች። «ክፈተው። ለምግቡ ሁለት ጀሪካን ልቅዳና ክፈተው። እንግዳ ውሃ ቢያጣ ይስቃል፣ ያኛውን ቢያገኝ ግን አይስቅም።»

ሮቶው ተንጠፈጠፈ። ጉድጓዱ ግን ተላቀቀ። ሙሉጌታ የመጀመሪያውን ቢያጆ ይዞ ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ባይመለስስ? ግማሹ ተከፍቶ፣ ግማሹ ቀርቶ፣ ሽታው በእጥፍ። አሥር ሰዓት ሲል ሞተሩ ከታች ተሰማ። እንደ ዛሬ የመኪና ድምፅ አስደስቶኝ አያውቅም።

ሁለት ቢያጆ። ከጡረታዬ ብዙ ይዞ ሄደ፤ አልቆጨኝም። በየጊዜው ባስመጥጥ ኖሮ አንድ ቢያጆ ይበቃኝ ነበር፣ ሮቶዬም አይራቆትም ነበር፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ሙሉጌታ ቱቦውን እየጠቀለለ ያለውን ጻፍኩ፦
– በየሦስት ዓመቱ፤ እስኪመልስ አይጠበቅም
– የድስት ዘይት አይደፋም
– በረኪና አይበዛም፤ የሚፈጨውን ነገር ይገድላል
– ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ካልሲ አይጣልም (ካልሲ አግኝቷል። የኔ ነው።)
– ክዳኑ ላይ ሊሾ አይደረግም «ፋዘር»

ማታ ቧንቧው መጣ። የሺ እልል አለች። ሮቶው ሲሞላ ድምፁን ቁጭ ብለን ሰማን።

እሑድ፣ የካቲት 8

መጡ። አምስቱም ነጭ ለብሰው። «ካልተፈቀደልን አንቀመጥም» ብለው ሳሎኑ መሐል ቆሙ። አቶ ታደሰ በወግና በታሪክ ተናገሩ፤ እኔ ግማሹን አልሰማሁም፤ በኮሪደሩ በር ወደ ሽንት ቤቱ እያየሁ ነበር። ተናግረው ጨረሱ። ቤዛ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ እንዳለች አውቃለሁ፤ የጫማዋ ጫፍ ይታየኛል።

«ተቀመጡ» አልኩ። «ፈቅደናል። ልጃችን ልጃችሁ ናት።»

ከየት እንደወጣልኝ አላውቅም። ቀላል ነበር።

ከምግብ በኋላ አቶ ታደሰ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «መታጠቢያ ቤቱ ወዴት ነው?» አሳየኋቸው። የሺ ሳህን ልታነሳ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ቤዛ መሬት መሬት አየች። ውሃው ሲለቀቅ ሰማን። ወረደ። በአንድ ትንፋሽ ጥርግ ብሎ ወረደ። ሦስታችን ተያየን።

አቶ ታደሰ ተመልሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግቢው ውስጥ ክዳን አየሁ፤ በቅርብ አስመጠጡ እንዴ? የኛም ሞልቷል፤ ለሠርጉ ምን እንደምናደርግ ጨንቆናል» አሉኝ።

የሙሉጌታን ቁጥር ሰጠኋቸው። የእነሱ ክዳን የት እንዳለም ጠየቅኋቸው። አያውቁም። ዘመድነታችን እንደሚሰምር ያኔ ገባኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ጾም ገባ። አዲስ ካርታ ሠራሁ፣ በሜትር ለክቼ። «ክዳኑ ከዋናው ቤት ጥግ አራት ሜትር ከሃያ፣ ከወጥ ቤቱ በር ሁለት ሜትር ከስድሳ። የተመጠጠው የካቲት 7። የሚቀጥለው በሦስት ዓመቱ።» የማይቆረጥ ነገር መርጬ ነው የለካሁት። አንዱን ቅጂ ማኅደሩ ውስጥ ከአባቴ ወረቀት ጋር አኖርኩ፣ አንዱን ሽንት ቤቱ በር ጀርባ ለጠፍኩ፣ አንዱን ለቤዛ ሰጠኋት።

«እኔ እኮ መሄዴ ነው አባዬ» አለች።

«በሦስት ዓመቱ የሚያስታውሰኝ ሰው እፈልጋለሁ» አልኳት። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቡቺ ዛሬ ጥጉ ላይ የለም። ጉድጓዱ ባዶ ስለሆነ ሊሾው ቀዝቅዟል። ፈልጌ ሳገኘው የቤዛ ክፍል በር ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል፤ ከበሩ ሥር ሙቀት ይወጣል። ላስነሳው ጎንበስ አልኩና ተውኩት። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከዚያ ይሙቅ፤ እኔም እሞቃለሁ።