ቻናልህን አልዘጋም

ታደለ፣ አካሌ፤

ከተለየኸኝ ዘጠኝ ወር ሞላ። ከተማችን ዘመሮ እንደተውካት ናት፣ ውርጩም ያው ነው። የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀይሬዋለሁ። ኔትወርክ እንዲይዝልህ ስልክህን የምታቆምበትን የሻይ ብርጭቆ ግን ከመስኮቱ ላይ ማንም እንዲያነሳው አልፈቅድም። አሁን እኔ አቆምበታለሁ።

ልብስህን በአርባህ ለንስሐ አባትህ ሰጠን፤ ጋቢህንም፣ ጫማህንም። ወንድምህ ጋሽ ደምሴ ወደ ስልክህ እጃቸውን ሲዘረጉ ግን እምቢ አልኩ። በሰው ፊት ነበር፤ አላፈርኩም። ውስጡ ምን እንዳለ አውቃለኋ! ለተማሪዎችህ በከፈትከው የቴሌግራም ቻናል ልትለጥፋቸው ከኢንተርኔት ለቃቅመህ ያስቀመጥካቸው ነገሮች ነበሩ፤ ሦስት ልብ ስላለው የባሕር እንስሳ፣ የበደላትን ሰው ፊት ስለማትረሳ ቁራ፣ ሌላም ብዙ። ከእያንዳንዱ ሥር «ይጣራ» ብለህ ጽፈሃል። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ካልሲህን እንኳ ሳታወልቅ የዛሬውን ትነግረኝ ነበር፤ እኔም ወጡ እያረረብኝ እሰማህ ነበር።

ድንቹን ታስታውሳለህ? ባሕር ማዶ ያሉ ደገኞች ድንች ውርጭ ላይ አሳድረው፣ በእግራቸው ረግጠው ውሃውን አውጥተው፣ አድርቀው ለዓመታት እንደሚያቆዩት አነበብክ። ለውርጭማ ከመንዝ ወዲያ ላሳር ብለህ ግማሽ ኩንታል ድንች ግቢ አሰጣህ። ጠቁሮ ገማ። ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሳቀብን። አንተ ግን ወዲያው ስልክህን ከፍተህ የት ጋ እንደተሳሳትን መፈለግ ጀመርክ። ያን ቀን በጣም ተናድጄብህ ነበር፤ አሁን ለብቻዬ እስቃለሁ።

ጥፋቴንም ልንገርህ። አንተ ስታርፍ ዓለም ከተማ ያለችው እህትህ ብርቄ አራስ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርምና፣ ለሥልጠና ርቆ ሄዷል፣ ስልክም አይሠራለትም አሏት። በሁለተኛው ወር ናፍቆትህ ቢጠናብኝ የቁራዋን ነገር ለጠፍኩት። ከላዩ ስምህና ፎቶህ አለ። ብርቄ እንደምታየው ጨርሶ አላሰብኩም። አየችው፤ የወንድሜ ድምፅ ተሰማ ብላ እልል አለች፤ ሴት ልጇ ክርስትና የምትነሳበት ሰማንያ ቀን ሳይደርስ ስም እንድታወጣላት ጻፈችልህ። በስምህ ልዋሻት አልቻልኩም።

ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ሽማግሌ ይዘው ሄደው ማለዳ መርዶውን አረዷት። ሲመለሱ ሙት በስልክ ታስነሳለች፣ ነፍሱን አላሳርፍ አለች፣ ይዘጋ ብለው ተቆጡኝ። ብርቄን በድያታለሁ፤ አልክድም። ዓለም ከተማ ወርጄ ድንጋይ ተሸክሜ ከደጃፏ ቆምኩ። ድንጋዩን ከትከሻዬ አውርዳ አቀፈችኝ፤ ተላቀስን። ጽሑፉ እንዳይቋረጥ ለመነችኝ፤ በሕይወት እንዳለህ አድርጌ ግን እንዳላሳይ አስጠነቀቀችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ፎቶህን አንስቻለሁ፤ ከጽሑፉ ሥር «ታደለ ያገኘው፣ ሚስቱ ዘነቡ ያጣራችው» ይላል።

ጋሽ ደምሴ ግን አልበረደላቸውም። ለሙት ዓመትህ ስመጣ ስልኩን እወስዳለሁ፣ መበለት አንገቷን ትድፋ ብለው ልከውብኛል። ይምጡ! ጠላ ጠምቄ፣ ካህናቱን ጠርቼ፣ ጸሎተ ፍትሐትህን አስደርሼ በክብር እቀበላቸዋለሁ። ስልኩን ግን አይነኩትም። አፈር አልብሼሃለሁ፣ ጋቢህን ለሰው ሰጥቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ስትጠይቅ የኖርከውን ሁሉ ሳጥን ውስጥ ልቆልፍበት? አይሆንም።

ካስቀመጥካቸው የቀሩት አራት ናቸው። ሲያልቁ ትተወዋለች ብለው ይጠብቁ ይሆናል። እኔ ግን ራሴ መፈለግ ጀምሬአለሁ። ትናንት የመጀመሪያዬን አገኘሁ፤ አየር ላይ እየበላች፣ አየር ላይ እየተኛች፣ ወራት ሙሉ መሬት ሳትነካ የምትበር ትንሽ ወፍ አለች። ሦስት ቦታ አጣርቼዋለሁ። አንተ ሳትነግረኝ ያወቅኩት የመጀመሪያው ነገር ነው፤ ዞር ብዬ ልነግርህ ስል የለህም። ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጥቤ ለጠፍኩት፤ ከሥሩም ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ብቻ ጻፍኩ።

አልረሳህም ታደለ፣ ቃሌ ነው። አንገት ደፍቶ ማስታወስን ግን ከኔ አትጠብቅ።

ሚስትህ ዘነቡ