የጣልናት ጣሳ

ውድ የኔታ ቀለመ ወርቅ፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ጀመርኩ፤ ረስቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እርስዎ ነዎት። ሃምሳ አራት ዓመት ሆኖኝም ፊትዎ ቆሜ መከራከር አልችልም፤ ስለዚህ እጽፋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ለለቅሶ ከስማዳ ወደ ጎጃም ስንሻገር ባለጀልባው ጥጋቡ ገና ከዳር ሳንነሳ አስጠንቅቆን ነበር። «ጀልባዋ ውሃ ታስገባለች። ማንም ከተቀመጠበት እንዳይነሳ። ጣሳውን የያዘ ሰው ማዶ እስክንደርስ እጁ እንዳያርፍ።»

ጣሳውን እኔ ያዝኩ። በደቂቃ ሃያ ጊዜ ያህል ጨልፌ እደፋ ነበር፤ ቆጥሬዋለሁ። ውሃው ከቁርጭምጭሚታችን አላለፈም።

አባይ መሃል ስንደርስ እርስዎ ብድግ አሉ።

«ዲግሪ የጫነ ልጄ ውሃ ሲጨልፍ ቁጭ ብዬ አላይም! አምጣ!»

«በሞቴ የኔታ፣ ይቀመጡ!»

«እኔ ልሙትልህ፣ አምጣ ብያለሁ!»

እርስዎ ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ? ቆምኩ። አብራን የተሳፈረችው ጎረቤታችን ሙሉነሽም «እኔ እያለሁ እናንተ?» ብላ ተነሳች። አንዲት ጣሳ ላይ ስድስት እጅ ተረባረበ።

«ኧረ ተቀመጡ!» አለ ጥጋቡ። «መከባበሩ ማዶ ስንሻገር ይደርሳል!»

ጀልባዋ አጋደለች፤ ጣሳው አባይ ገባ። ከዚያ እኔ በጫማዬ፣ እርስዎ በመዳፍዎ ጨለፍን። የሚገባው ከሚወጣው በለጠ። ዳሩ ጋ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሰጠመች። ሙሉነሽን በነጠላዋ፣ እርስዎን በጋቢዎ ጎትቶ ያወጣችሁ ጥጋቡ ነው።

በማግስቱ ጀልባዋን ለጥጋቡ በአደራ የሰጡት የአገራችን ሽማግሌዎች ምን እንደደረሰ ሲጠይቁ እርስዎ ምን አሉ? «እግዚአብሔር አተረፈን፤ ጀልባዋ ግን አሮጌ ናት።» ይኸው ብቻ! ስለ ጣሳው አንድ ቃል የለም። ሽማግሌዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። የኔታ ከተናገሩ በኋላ ምን እጨምራለሁ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ሰላሳ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» እያልኩ የቀጣሁ ሰው! በእርስዎ የተናደድኩትን ያህል በራሴም ተናድጃለሁ።

ሽማግሌዎቹ ጥፋቱን በጥጋቡ ላይ ጥለው፣ ከውሃ ያወጧትን ጀልባ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከእጁ ወስደው ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው። የሚያርሰው መሬት የለውም፤ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚያች ጀልባ ነው። ትናንት ወገዳ ገበያ አገኘሁት። «ጋሼ ንጋቱ፣ እርስዎም ዝም አሉ?» ብሎኝ መልሴን ሳይጠብቅ ሄደ።

እሁድ እመጣለሁ። ማን እንደተነሳ፣ ማን እንደተከተለ፣ ጣሳው እንዴት እንደወደቀ፣ የራሴን ጥፋት አስቀድሜ እናገራለሁ። እርስዎ ቢቀድሙኝ ደስ ይለኛል። ካልቀደሙኝ በሰው ፊት፣ በእርስዎም ፊት፣ አስፈላጊም ከሆነ ንግግርዎን አቋርጬ እናገራለሁ። ጉልበትዎን የምስመው ጥጋቡ ወደ ጀልባዋ ሲመለስ ነው፤ ያኔም ከፈቀዱልኝ።

ተማሪዎ፣
ንጋቱ