ሽመላውና አረንጓዴዋ መብራት

ፌብሩዋሪ 26

ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው የባሌን የስታመንን ፊት አይደለም፤ መብራቷን ነው። አረንጓዴ። እፎይ... ስታመን ያንኮራፋል።

ደረቱ ውስጥ የቀበሩለት ማሽን የልቡን ነገር ሌሊት ሌሊት አልጋው አጠገብ ላለችው ባለ መብራት ሣጥን ይነግራታል። ሣጥኗ ለዋይፋዩ፣ ዋይፋዩ ፕሎቭዲቭ ከተማ ላለው ሆስፒታል። ልጃችን ኦግንያን መንደሩ ውስጥ የተወን በዚህ ብቻ ነው። "ሦስት ቀን መረጃው ካልደረሰ መጥቼ እወስዳችኋለሁ" ብሏል። ከተማ ወዳለው ቤቱ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ። ስታመን እዚያ ምን ቆፍሮ ይኖራል?

ሠላሳ ዓመት የመንደሩን ስልክ ገመድ እየሰካሁ ሳገናኝ ኖሬ፣ በስተርጅና ገመድ የሌለው ነገር ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ።

ፌብሩዋሪ 27

ዴኒትሳ ልትፈትሽ መጣች። ጃንዋሪ ላይ የዋይፋዩን አንቴና የሰቀለችልን ቴክኒሻን ናት። አላስቀመጥኳትም፣ በጥያቄ ወጠርኳት። ሞገዱ ሁለት ዓይነት ነው አለች። ባለ ሁለት ነጥብ አራት ጊጋኸርዙ ግድግዳ ያልፋል፤ ግን ቀርፋፋ ነው፣ መንደሩም ሁሉ እሱ ላይ ይጋፋል። ባለ አምስቱ ፈጣን ነው፤ ግን ቅንጡ፣ ፊቱ የሚቆም ነገር አይወድም። ስለዚህ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ ጣሪያ እስከ ጎረቤታችን ጋሽ ሚንኮ ምሰሶ ድረስ ሁለተኛው።

"ዕቃው አንዱ የቻይና፣ አንዱ የጀርመን... እንዴት ይግባባሉ?"

"ስታንዳርድ አለ፣ እትዬ ራድካ። ሁሉም የተስማማበት ደንብ። ስምንት መቶ ሁለት ነጥብ አሥራ አንድ ይባላል።"

ይህን ስም ያወጣ ሰው ልጅ አልወለደም መሰለኝ። ነገሩ ግን ገባኝ። ስልክ ቤትም ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ማን ይጠብቃል የሚል ደንብ ነበረን። ያለዚያ ጫጫታ ነው።

ምሰሶው አናት ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶ የሆነ የሽመላ ጎጆ አለ። ጋሽ ሚንኮ ሞገዱ ንቦቼን ያቃጥልብኛል ብሎ የንብ ቤቱን ጣሪያ ከለከለን፤ ምሰሶውን ግን ፈቀደ። "እሱ ባለቤት የለውም፣ ስቀሉበት።"

ማርች 1

ቀይና ነጩን ክር ለስታመን አሰርኩለት፣ እሱም ለእኔ። ልማዳችን ነው፤ ሽመላ እስክናይ አናወልቅም፣ ከዚያ ምኞታችንን ይዞ ያበበ ዛፍ ላይ ይታሰራል።

"ዘንድሮ ምን ትለምኛለሽ?"

"ፎቅ ሳይሆን ምድር ቤት።"

ሳቀ።

ማርች 19

ሽመላው መጣ። ለዚያውም ከነሚስቱ። ጋሽ ሚንኮ አጥሩ ላይ ተደግፎ አለቀሰ፤ ጉንፋን ነው ይላል። ክሩን ዛፍ ላይ እንዳናስር የፕሪም ዛፋችን ገና አላበበችም... ይቆይ።

ማርች 22

ዝናብ። መብራቷ ቀይ።

ማርች 23

ቀይ። ራውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ዴኒትሳ በስልክ እየመራችኝ ቻናሉን ቀየርኩ። ወይ ፍንክች።

"ሆስፒታሉ ደወለ?" አለ ስታመን።

"አልደወለም።"

ደውሎ ነበር። ለምን ዋሸሁት?

ማርች 24

ሦስተኛው ቀን። ኦግንያን፦ "እማዬ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሻንጣ አዘጋጂ።" ስታመን መስኮቱ ሥር ያሉትን የቲማቲም ችግኞች ውኃ ያጠጣ ነበር። አልነገርኩትም። 

ከሰዓት ልብስ ላሰጣ ወጥቼ ቀና ስል... ጎጆው አድጓል። ጭራሮ፣ ጭቃ፣ እርጥብ ሣር ቁልቁል ተንዘርፍፎ አንቴናውን ሸፍኖታል። ከመሃሉ ደግሞ የስታመን ካልሲ። ሦስት ቀን ሙሉ የፈለግኩት ካልሲ!

ማርች 25

ዴኒትሳ መጥታ አየችው። "እርጥብ ነገር ሞገዱን ይጠጣዋል፣ እትዬ። ይሄ ከግንብ አይተናነስም። ግን አልወጣም፤ ወፏ እንቁላል ልትጥል ነው። ሕጉም አይፈቅድም።"

"ሕጉን ተዪው፤ ጎጆዬን የነካ ጠቡ ከእኔ ጋር ነው" አለ ጋሽ ሚንኮ።

ደሜ ፈላ። "ሽመላህ እኮ ባሌን ከቤቱ ሊያስወጣው ነው!" ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ቅዳሜ፣ ስለ ሻንጣው... ሁሉን ዘረገፍኩት። ዘወር ስል ስታመን ከኋላዬ ቆሟል።  ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ታስሮ የነበረውን ክር። ያን ጊዜ ሞቴን ተመኘሁ።

ጋሽ ሚንኮ ወፎቹን አየ። ስታመንን አየ። ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ።

"ከንብ ቤቱ ጣሪያ ማዘጋጃ ቤቱ ይታያል?"

"ፊት ለፊት ነው እንጂ" አለች ዴኒትሳ። "የሞገዱ ጉልበትም ከኪስዎ ስልክ ብዙም አይለይም።"

"ስልኬን ይዤ ነው እኮ ማር የምቆርጠው።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ስቀሉት። ለእናንተ ብዬ እንዳይመስላችሁ፤ ለወፎቹ ነው።"

ዴኒትሳ መኪናዋ ውስጥ ትርፍ አንቴና ነበራት። አሮጌው አንቴና ወፎቹ እስኪሄዱ፣ እስከ ኦገስት፣ እዚያው ይቆያል።

"ካልሲዬስ?" አለ ስታመን። ወደ ጎጆው አንጋጦ።

ማርች 26

አረንጓዴ።

ኦግንያን ደወለ። "እማዬ፣ ሆስፒታሉ ሁሉም ደርሶናል ብሏል። የአባዬ ልብ ደህና ነው።"

"ቅዳሜስ?"

"ለምሳ ብቻ እመጣለሁ። ባለ አይቡን ቂጣ፣ ባኒትሳ ጋግሪ።"

ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ጉንፋን ነው።

ማርች 28

ፕሪሟ አብባለች። ስታመንና እኔ ክራችንን ፈተን ቅርንጫፏ ላይ አሰርን። ኦግንያን አራት ቁራሽ ባኒትሳ በላ፤ ሻንጣ የሚባል ነገር አላነሳም። ሲሄድ አባቱን ረጅም ጊዜ አቅፎት ቆየ።

ኤፕሪል 30

ቲማቲሙን ዛሬ ተከልን። ስታመን ቆፈረ፣ እኔ ችግኝ አቀበልኩ፣ ጋሽ ሚንኮ በአጥር ላይ ሆኖ ሁለታችንንም ተቸ። ንቦቹ አንቴናው ላይ ያርፋሉ አሉ፤ "ስታንዳርዱን አውቀውታል" እያለ ይኮራል። ጎጆው ውስጥ ሴቷ ተኝታበታለች፣ እንቁላል ላይ መሆኗ ነው።

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ ነው ትዝ ያለኝ... ዛሬ መብራቷን ሳላያት ዋልኩ።