እማዬ ለሞደሜ ያለበሰችው ዳንቴል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የካ ሚካኤል

አለቃዬ የራሱን ጥፋት በእኔ አላኮ ካባረረኝ ወዲህ በአሮጌ ኮምፒውተር የገጣጠምኩትን የኢንተርኔት ስልክ ሰኞ ለአዲስ ቀጣሪ አሳያለሁ። «አትችይም» ያለኝን ያንን አለቃ አፉን የማስይዘው በዚህ ነው። ግን ዛሬም ሐዋሳ ካለችው እህቴ ጋር እያወራሁ መስመሩ ተቋረጠ። ገመድ ስቀያይር ውዬ በመጨረሻ ኢንተርኔቱን የሚያመጣውን ሞደም ብነካው ይፋጃል። በዳንቴል ተሸፍኗል፤ ለካ ታፍኖ እየጋለ ነው የሚያቋርጠው።

«እማዬ፣ ይሄን ማን አለበሰው?»

«እኔ ነኛ! ቴሌቪዥኑ ለብሶ ያንቺ እንጀራ ራቁቱን ይቀመጥ?»

መቆጣት አቃተኝ። ሁሉም ሲፈርድብኝ እሷ ለሥራዬ ዳንቴል ትሠራ ነበር። ገፍፌ ከስልኩ ሥር አነጠፍኩትና እህቴ ጋ ደወልኩ። እማዬ የሰፈሩን ወሬ አውርታ እስክትጨርስ መስመሩ አልተቋረጠም። ተመስገን። ሰኞ ዳንቴሉንም ይዤው እሄዳለሁ።