ማንኪያ በማንኪያ

ዳነችልሽ! የልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ልጅ ዳነች! ሁለት ቀን እንባ ደርቆባት፣ ዛሬ ጠዋት እንባ አውጥታ አለቀሰች። ሰላም ሳልልሽ ጮህኩብሽ አይደል? ጤናሽ ይብዛልኝ የኔ እመቤት፣ እጅሽ የዳሰሰው ሁሉ ይፈወስ።

ተቅማጡ በዚህ ወር ከሰፈራችን ሦስት ሕፃናት ወስዷል። የእሷም ዓይን ጎድጉዶ ነበር። ሴቶቹ "ውኃ እንዳታስነኳት፣ ይብስባታል" ይላሉ። እኔ የላክሽልኝን ወረቀት ይዤ ገባሁ፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ ስኳርና ጨው በልኩ፣ በየደቂቃው አንድ ማንኪያ።

"ደግሞ ሐኪም ሆነሽ አረፍሽው?" አለችኝ አያቷ።

"የሐኪም እናት ነኝ፤ ዞር በይልኝ!" አልኳት።

እዚያ ባሕር ማዶ ዲግሪሽን አንቀበልም ብለው አራት ዓመት የላቦራቶሪ ጠርሙስ ሲያሳጥቡሽ፣ ኋላም ያ የታማሚ ልጅ አባት "ይቺ መጤ ልጄን እንዳትነካ" ብሎ ልጁን ከእጅሽ ሲነጥቅሽ፣ "በቃኝ፣ ልመለስ" ብለሽኝ ነበር። "ቻይው" ያልኩሽ ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኩሽም። ሟቹ ታናሽ ወንድምሽ በዚሁ ተቅማጥ ታሞ "ውኃ፣ ውኃ" እያለ ሲለምነኝ የከለከልኩት እኔ ነኝ። የሚያድነው መስሎኝ ነበር፣ ልጄ። አሁን በዚያ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍልን የመራች የመጀመሪያዋ መጤ ሴት አንቺ ነሽ ሲሉኝ፣ ሳቁም ልቅሶውም አብሮ ይመጣብኛል።

ወረቀቱን በትልልቅ ፊደል ጽፈሽ ላኪልኝ፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግድግዳ ላይ ልትለጥፈው ነው። ምሳሽንም አትዝለይ። ፈጣሪ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

ለልጅቷ መዳንም ለአንቺ ሹመትም ልደግስ ነው። ልጆቻቸውን የቀበሩት ሦስቱ እናቶችም "እንመጣለን" ብለዋል፤ እኔም ከእነሱ ጋር እቀመጣለሁ። አንቺም እንደምንም ፈቃድ ጠይቂና ነይልኝ። ማንም እንዳይቀር፣ ቀኑ የመጪው ወር የመጀመሪያው እሑድ ነው።