እኩሌታው እስኪቀር ስላፈላነው ውኃ

ለክቡር አቶ ዓለምነው
የቀጨሞ ሜዳ ከተማ ውኃ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተ ሰብዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ፤ የሚጠጡት ሁሉ ይስማማዎ፣ ልጆችዎም ይደጉልዎ። እኔ ከደብረ ታቦር ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በዚህች ከተማችን ዜማ ሳስተምር ያረጀሁ መሪጌታ ምሕረትአብ ነኝ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ያደግሁ ነኝና ይህን የምጽፈው ለክስ ሳይሆን ለምስጋና ነው።

አንደኛ፣ ስለ ማዳበሪያው አመሰግናለሁ። ዘንድሮ ገበሬው ለማዳበሪያ ተሰልፎ ባዶ ጆንያውን ይዞ ሲመለስ፣ ለእኛ ለከተማ ነዋሪዎች ግን ለዓመታት በማሳው ላይ የተበተነው ሁሉ ያለ ወረፋ በቧንቧ እየተቀዳልን ኖሯል። ጉድጓዱ ከስንዴው ማሳና ከከብት ገበያው ግርጌ ሲቆፈር፣ የክረምቱ ጎርፍና የከብቱ እበት እዚያው እንደሚወርድ ሽማግሌዎች ተናግረው ነበር፤ እርስዎም ጥናት ተጠንቷል ብለው አረጋጉን። ተረጋግተን ጠጣን።

ሁለተኛ፣ ስለ ማስታወቂያዎ። ክረምቱ ሲወጣ ውኃው እንዳጠራጠረዎ ገልጸው፣ በደንብ አፍልታችሁ ጠጡ የሚል ወረቀት በየቦኖው ለጠፉልን። ልጄ ማሬ ያኔ አራስ ነበረች፤ ጡቷ ስለነጠፈ ለሕፃኗ የቆርቆሮ ወተት የምትበጠብጠው በዚያው ውኃ ነው። በደንብ ማለት ምን ያህል እንደሆነ ወረቀቱ አይናገርም። በአገራችን መድኃኒት የሚፈላው እኩሌታው እስኪቀር ነውና ማሬም ለልጇ ሳስታ፣ እንጨቷን ሳትቆጥብ፣ እኩሌታው እስኪቀር ታፈላው ጀመር።

የሕፃኗ ከንፈርና ጥፍር ሰማያዊ ሆነ። ጎረቤት ብርድ ነው አለ፤ ቡዳ ነው ያለም አልጠፋም። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ስናደርሳት ሐኪሟ አስቀድማ የጠየቀችን ስለ ውኃው ነበር። ናይትሬት የሚባል ከማዳበሪያና ከእበት የሚመጣ ነገር የሕፃን ደም አየር እንዳይሸከም እንደሚያደርግ፣ በማፍላትም እንደማይጠፋ፣ ይልቁንም ውኃው እየተነነ ሲያንስ እሱ እየበረታ እንደሚቀር አስረዳችን። ማሬ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ሕፃኗ ተርፋለች፣ ተመስገን። ክርስትና እንኳ ገና አልተነሣችም። ሐኪሟ ያ ውኃ ዳግመኛ በአፏ እንዳይዞር አስጠንቅቃ ወደ ቤታችን ሸኘችን፤ ቤታችን ያለው ውኃ ግን ያው ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ስብሰባው። አቤት ብንልዎ አዳራሽ ጠሩን፤ ከቧንቧችን የተቀዳውን ውኃ በብርጭቆ ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገውም ጥራቱን አሳዩን። እውነት ነው፣ ኩልል ያለ ነበር። ምርመራው እስኪያልቅ ታገሡ አሉን፣ እኛም አጨበጨብን። ሌላ ምን ልናደርግ እንችላለን? ወንዙ ከብት የሚዋኝበት ነው፤ የታሸገውን በየቀኑ ለመግዛት አቅም የለንም፤ በአራስ ልጅ አገር ለቆ መሄድም አይሆንልንም። መታገሡንስ እኛ እናውቅበታለን፤ ሕፃኗ ግን ገና አልተማረችም።

እንግዲህ እግዚአብሔር ሹመትዎን ያጽናልዎ፣ ዘመንዎን ያርዝምልዎ፣ እኛ ከምንጠጣውም ይሰውርዎ እያልሁ እጅ እነሣለሁ።

ምስጋናው የማያልቅበት ደንበኛዎ
መሪጌታ ምሕረትአብ

ከፈረምሁ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ስብሰባው ሲበተን ያን ብርጭቆ ሳይቀምሱት ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ። ከጎኑ ጥቂት ተጎንጭተው የተዉት የታሸገ ውኃ ነበር፤ ማሬ በነጠላዋ ሸሽጋ ወሰደችው፣ የሕፃኗም ወተት እስከ ማግስቱ በእሱ ተበጠበጠ። የመሥሪያ ቤት ንብረት ወሰደች ተብላ እንዳትጠየቅብኝ አደራ። ደግሞም፣ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ስብሰባውን ቶሎ ቶሎ ይጥሩልን።