አንድ ዓይኔን የሳልክባት አቡጀዲ

ይድረስ ለባለቤቴ ለጌታሁን፤

ባለህበት ሰላም ያውልህ፣ ዓለሜ። ከተለየኸኝ ሁለት ፋሲካ አለፈ። ሦስተኛው ሳይደርስ የሆዴን ልጽፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ። ፊደሌን እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ዝናብ እንደመታው ገብስ ይጋደማል፤ አትሳቅብኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ቀይዋ ላም ወለደች። ልጃችን ስመኝም ወገቧን ታክማ ተሻላት። የት ብትለኝ፣ ህንድ! ከደባርቅ ጎንደር እንኳ ስሄድ የሚያስመልሰኝ ሴትዮ፣ አስታማሚ ሆኜ በአውሮፕላን ህንድ ደርሼ መጣሁ።

ከተማው ጃይፑር ይባላል። ሐኪሞቹ ስፌቱ እስኪደርቅ አትራቁ ስላሉን አንዲት ትንሽ ሆቴል ገባን። ጌታዬ፣ ያንን ሆቴል አንተ ባየኸው! ባለቤቱ እንዳንተ ሰዓሊ ነው፣ ሽማግሌ። ክፍሎቹ ቁጥር የላቸውም፤ በየበሩ ላይ ሥዕል ነው ያለው፣ የኛው ጣዎስ ነበር። ግድግዳው፣ ጣራው፣ የቁም ሳጥኑ በር ሳይቀር ተስሏል። እኔም ቀዩን ቀለም ባየሁ ቁጥር፣ ጌታሁን ቢኖር ይኼን ከምን አወጡት ብሎ በጥፍሩ ይፍቀው ነበር እላለሁ። ጃናሞራ ቤተ ክርስቲያን ስትስል ስንቅ ይዤልህ መጥቼ፣ አቡጀዲውን ግድግዳ ላይ የምትለጥፍበት ሙጫ ሲፈላ አፍንጫዬን ይዤ የምሸሸው ሁሉ ትዝ አለኝ።

ችግሩ ከራስጌዬ ግድግዳው ላይ የተሳለችው ሴት ነበረች። አበባ ይዛ ወደ ጎን ዞራለች፤ ያላት አንድ ዓይን ብቻ። አንተው አይደለህ ያስተማርከኝ፣ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ አንድ ዓይን የይሁዳና የሰይጣን ነው ብለህ? ታዲያ ከሰይጣን ሥር ልተኛ? ነጠላዬን አለበስኳት። ጠዋት የምታጸዳዋ ሴት ነጠላውን አጥፋ አልጋዬ ላይ ታስቀምጣለች፤ እኔ መልሼ እሸፍናለሁ። ሦስት ቀን እንዲህ ተፋጠጥን። ቋንቋ የለን፣ እሷ ትስቃለች፣ እኔ አማትባለሁ። በመጨረሻ ሽማግሌውን ይዛ መጣች። ስመኝ በእንግሊዝኛ ብታስረዳው እሱም ሳቀ። የመለሰውን ስትነግረኝ ግን ማማተቤን ተውኩ። በእነሱ ሰዓሊዎች ልማድ፣ የሚወዷትን ሴት የሚስሉት እንዲህ ነው አለ፤ ከግንባሯ እስከ አገጯ ያለው መስመር እንዳይጠፋ።

ያቺ ያንተ አቡጀዲ ታወሰችኝ። ከቤተ ክርስቲያን ሥራ የተረፈች ቁራጭ። ደጃፍ ተቀምጬ፣ ስመኝን ከትምህርቷ የሚያመጣትን አውቶብስ የዳባትን መንገድ እያየሁ ስጠብቅ ሳልከኝ፤ ወደ ጎን፣ በአንድ ዓይን። እኔም ይሁዳ አደረግኸኝ ብዬ ጎረቤት እስኪሰማ ጮኽኩብህ። አንተ፣ አጠገብሽ ሆኜ ሳይሽ እንዲህ ነሽ፣ ይኼንኑ ብቻ አልክ። ነጥቄህ ጠቀለልኳትና የሊማሊሞ ነፋስ እንዳይገባ የጓዳውን መስኮት ስንጥቅ ወተፍኩባት። ስትገባ ስትወጣ እያየሃት አንድ ቀን ቃል አልወጣህም።

ከዚያ ወዲያ ህንድ መቆየት ጭንቅ ሆነብኝ። ነጠላዬን ከሴትየዋ ላይ አነሳሁ፤ እሷን ባየሁ ቁጥር የኔዋ በስብሳ ይሆን፣ አይጥ በልቷት ይሆን እላለሁ።

ደባርቅ እንደገባን ነጠላዬን ሳላወልቅ ጓዳ ገባሁ። ውታፉን መዘዝኩት። ያንተ አሮጌ ጋቢ ቁራጭ ነው! የኔዋ የለችም። መቼ እንደቀየርካት እኔ እንጃ። ጎታውን፣ ሣጥኑን፣ የአልጋውን ሥር በረበርኩ። የቀረኝ የቀለም ሣጥንህ ነበር፤ ከቀብርህ ወዲህ እንኳን ልከፍተው ላየውም አልደፈርኩም ነበር።

ከፈትኩት። ክዳኑ ውስጥ ነበርኩ። እንደ ቤተ መቅደስ ግድግዳ በሙጫ አጥብቀህ ለጥፈኸኛል፤ ዳግመኛ ማንም ነቅሎ እንዳይወትፈኝ ነዋ! ያን ሁሉ ጊዜ ብሩሽ ባነሳህ ቁጥር ስታየኝ ኖረሃል፤ እኔ እያጉረመረምኩ ስንቅህን እቋጥር ነበር። ከአገጬ በታች የዝናብ እድፍ አለ፤ የኔ ሥራ ነው፣ ይቅር በለኝ። ሁለተኛ ዓይን ጨምረህልኝ ይሆን ብዬም ነበር። አልጨመርክም። ደግ አደረግክ።

አሁን ሣጥኑን መደቡ ላይ፣ አንተ በምትቀመጥበት በኩል አኑሬዋለሁ። ሥራዬን ስጨርስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ የዳባትን መንገድ አያለሁ። ወዳንተ እስክመጣ ድረስ ያ ክዳን አይዘጋም።

ያንተዋ ጥሩዬ